ግራ ጆሮ

የቀኙ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው፤
በፕላስተር ብጠቀልለው፣ ሽቦውን ብጠመዝዘው፣
በሻማ ባሞቀው፣ እፍ ብዬ ባቀዘቅዘው፣
አልነሣም አለ።
እና ሙዚቃ ለእኔ በግራ በኩል ነው፤
በቀኝ የምሰማው
ወያላውን ነው፣ ዝናቡን ነው፣
ግድግዳ የሚበሳውን ጎረቤት ነው።

ንጋት፣ አሥራ አንድ ተኩል። ቱሉ ዲምቱን ጭጋግ ውጧት
ከሕንጻው የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው፤
ጅቡም ገና አልራቀ፣
ከሜዳው ማዶ አንዴ ጮኸና አበቃ።
የታክሲው ሰልፍ ሲሚንቶ መሸጫውን አልፎ ታጥፏል፤
ኪሴ ውስጥ አውራ ጣቴ የስልኩን ቁልፍ ሳያይ ያገኘዋል።
መጀመሪያ ሽሽሽ፣ የርካሽ ማይክ ትንፋሽ፤
ቀጥሎ አንዱ ያስላል፣ "በቃ ጀምር" ይላል፤
ቀጥሎ ቤዙ፣
ሰው እንዳይቀሰቅስ በካልሲ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው።

ስማቸው "የሮብ ውሃ" ነው። አራት ልጆች፣ ከጀርባችን ብሎክ።
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሮብ ለሊት ስለሚመጣ ነው፤
ሌላ ቅኔ የለውም።
የቀዱት ምድር ቤት ነው፣ በሩን በፍራሽ ዘግተው፣
በባልዲና በጄሪካን መሐል ተጣበው።
ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሲል፣
ውሃው መጣ!
ቧንቧው ሲያንኮራፋ፣ አየር ሲተፋ፣
ባዶ ባልዲ ሲደበደብ ይሰማል።
ከበሮ መቺው አላቆመም፤ ከባልዲው ጋር ተስማማ።
እሷን ቦታ ስጠብቅ
ስንቴ መውረጃዬን አልፌ ቃሊቲ ድልድይ ደርሻለሁ፤
ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ብቻዬን እየሣቅኩ ተመልሻለሁ።

ቀኑን ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው መታወቂያ ሳባዛ እውላለሁ፤
ሸ—ቻክ፣ ሸ—ቻክ፣ ማሽኑም የራሱ ምት አለው።
ጋሽ ላጲሶ አንድ ቀን ማዳመጫዬን ወስደው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣
መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣
"ልጄ፣ ዘፋኙ ታሟል?" አሉ።
"አልታመመም ጋሼ፣ አፍሮ ነው" አልኩ።
ትንሽ አሰቡ። "ይሄማ ይገባኛል" ብለው መለሱልኝ።
ለቅዳሜው ዝግጅት ሠላሳ ማስታወቂያ በነፃ ማባዛቴን ግን አያውቁም፤
ይቅር ይበሉኝ።

ሠላሳ ወረቀት፣ አሥራ አንድ ሰው።
ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ የመጡ ናቸው፤
እነሱም ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ።
ጋራዡ ውስጥ የናፍጣ ሽታ፣ ጎማ ላይ መቀመጥ፣
መብራት ሲጠፋ ያለ ማጉያ መቀጠል።
ሲያበቃ፣ ቤዝ የሚመታው ኢዮስያስ
ትልቁን ማዳመጫ ከአንገቱ አውልቆ ራሴ ላይ አኖረው፤
"የቱን ላድርግልሽ?"
"ሦስተኛውን።"

በቀኝ በኩል ሰው ነበረ።
አንዲት ሴት፣ ዝቅ ብላ፣ ያለ ቃል፣ ዜማውን በስተኋላው እየተከተለች፤
ከውሃው በፊት ተነፈሰች፤
ውሃው ሲመጣ ሣቀች።
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አጠገቤ ስትዘፍን ኖራለች።

"ማናት?"
"እናቴ ናት" አለ፣ ጫማውን እያየ፤
"ባልዲ ልትደረድር ገብታ።
ቁረጡኝ ብላ ነበር።
ወደ ቀኝ ገፋናት እንጂ፣ መቁረጥስ አልሆነልንም።"

ደሞዝ ሲደርስ አዲስ እገዛለሁ ብያለሁ፤
አደባባዩ ጋ የሚሸጠው ልጅ ሁለቱንም ጆሮ ሞክሪ ይለኛል፣
እሞክራለሁ፣ እመልሳለሁ።
ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሮብ፣ ከለሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ቧንቧው አንኮራፋ።
በባዶ እግሬ ተነሣሁ፤ ደረጃው ሁሉ በጄሪካን ይንኳኳል።
በግራዬ እነሱ፤ በቀኜ እውነተኛው ውሃ፤
የእናትየዋን ክፍል በአፍንጫዬ ያዝኩት፣
አንዱ ቦታ ላይ ሁሌ እሳሳታለሁ፣
ደግሜ ስጀምር፣
ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።